የብረት ራጅ አጣቢዋ

የበደለችኝ ግድግዳ የምጋራት ጎረቤቴ ናት። ጊዜውም ደርግ ሳይወድቅ፣ ሱዳን፣ ገዳሪፍ በገባሁ በሦስተኛው ዓመት፣ ሽማግሌ በተላከብኝ ሰሞን ነው። ስሟን አልጽፍም። የሚያውቃት ያውቃታል።

ያን ጊዜ ለዘይት ፋብሪካዎች ቦይለር፣ የእንፋሎት ጋን፣ በሚሠራ ወርሻ፣ የብረት ሥራ ቤት፣ ውስጥ ፊልም አጣቢ ነበርሁ። በያጆቹ የበየዱት ሁሉ ከግቢው ከመውጣቱ በፊት፣ ሐኪም ቤት የሰው አጥንት እንደሚነሣው፣ ራጅ ይነሣል። ላዩ ያማረ ብየዳ ውስጡ አየር ከያዘ እንፋሎቱ ሲበረታበት ሊፈነዳ ይችላል። ራጁ የሚነሣው ከግቢው ጫፍ፣ በገመድ ታጥሮ ነው፤ ሰው አይጠጋም። ፊልሙ ወደ እኔ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጨለማ ክፍል ገብቼ፣ በቀይ መብራት፣ መድኃኒቱ ውስጥ ነክሬና አጥቤ እንደ ልብስ አሰጣዋለሁ። ደርቆ መብራት ላይ ሲዘረጋ የብየዳው መስመር ነጣ ብሎ ይታያል፤ አየር የቀረበት ቦታ ጥቁር ነጥብ ነው። ይለፍ ወይም ይፍረስ የሚለው ኃላፊው መሐንዲስ፣ ባሽሙሀንዲስ የምንለው ሰው ነበር። ቀድሜ የማየው ግን እኔ ነኝ። ይህን እወደው ነበር። ደግሞም ውጭ ሙቀቱ ሰው ሲያቀልጥ የእኔ ክፍል ቀዝቃዛ ነበረች።

ጎረቤቴ ይህን ሁሉ ነግሬያት ታውቃለች። ሽማግሌ ለላከብኝ ሰውዬ የእህቷን ልጅ አስባለት ኖሮ እናቱ ዘንድ ሄደች። "ያች ልጅ እኮ ማኅፀኗን ማሽን አድርቆታል" አለቻቸው።

እናትየው ቤቴ ድረስ መጡ።

"ልጄ፣ እኔ የልጅ ልጅ ማቀፍ ነው የምሻው። ሥራውን ተይውና ነገሩ እንዳለ ይሁን።"

"እማማ፣ ማሽኑ አጠገብ እኮ አልደርስም።"

"ብረት የሚበሳ ነገር አንችን ይምራል?"

ከግድግዳው ማዶ ጎረቤቴ፣ "ኧረ እውነታቸውን ነው፣ እህት ዓለም!" አለች። ጆሮዋን ለጥፋ ኖሯል።

ሰውዬውን አልጠላሁትም ነበር። ነገር ግን ሥራዬን አልተውም አልሁ፤ ሽማግሌዎቹም ቀሩ። እሱ የእህቷን ልጅ አገባ። ከዚያ ወዲያ ውኃ ልቀዳ ስወጣ ሴቶቹ በአዘኔታ ያዩኝ ጀመር። ገና ሳላገባ መካን ተባልሁ።

ወርሻው ውስጥ አንድ የመተማ ሰው ነበር፣ በያጅ። እያንዳንዱ በያጅ ፊልሙ ላይ የሚወጣ ቁጥር ስላለው ፊቱን ሳላውቅ ብየዳውን አውቀው ነበር፤ ነጥብ አይገኝበትም። አንድ ቀን ከጨለማው ክፍሌ ደጃፍ ቆመና፣

"ውስጤን ታይዋለሽ አሉ" አለኝ።

"አይቸዋለሁ። ባዶ ነው።"

ሳቀ። ስለ ባሌ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ተጋብተን ዓመት ሳይሞላን ሴት ልጅ ወለድሁ፤ ፊልም ማጠቤንም አልተውሁም። ለክርስትናው ጎረቤቴን ጠራኋት፤ መጣች። ልጄን አስታቀፍኋትና ፎቶ አስነሣኋት። ሁለት አሳጠብሁ። አንዱን ለእሷ ሰጠኋት፤ ሌላውን የሚገባ ሁሉ እንዲያየው ከቤቴ በር ፊት ለፊት ሰቀልሁት።