ኬሪያ ብቻ የምትሰማው ድምፅ

ጅጅጋ ውስጥ ዲራዕ የሚባለውን የሶማሌ ሴቶች ቀሚስ አሰፍታ ኬሪያን የማታውቅ ሴት ጥቂት ናት። ወሎ ተወልዳ፣ በልጅነቷ ከአጎቷ ጋር መጥታ እዚሁ ያደገች፣ እዚሁ ተድራ ሦስት ልጅ የወለደች ልብስ ሰፊ ናት። ሶማልኛዋ ከአማርኛዋ አይተናነስም። ባሏ ዐብዲኑር ከጅጅጋ አውበሬ ከተማ ሚኒባስ ይነዳል፤ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው። ገበያተኛው "ኬሪያ የሱንም ድርሻ ታወራለታለች" እያለ ይስቃል።

ነገሩ የጀመረው ኮሮናው ጋብ ባለ ሰሞን ነው። ቀትር ላይ ገበያው ጭር ሲል፣ የስፌት መኪናዋን አቁማ መርፌው ላይ ክር ልታስገባ ስታጎነብስ፣ ቀኝ ጆሮዋ ውስጥ ሽው… ሽው… የሚል ነገር ሰማች። የጎረቤት ጄኔሬተር መሰላት። ጆሮዋን በመዳፏ ብትደፍነው ጭራሽ ባሰ። ግራ ቢገባት እጇን ደረቷ ላይ አሳረፈች፤ ልቧ አንድ ባለ ቁጥር ጆሮዋም አንድ ይላል። ደረጃ ወጥታ ልቧ ሲፈጥን እሱም ይፈጥናል።

የሰው አፍ ብዙ ነው። አንዷ ለብ ያለ ዘይት ጠብ አድርጊበት አለቻት፤ ሌላዋ ዓይን በልቶሽ ነው አለች። ቁርኣን ተቀራላት፤ ልቧ አረፈ፣ ጆሮዋ ግን አላረፈም። አንድ ክሊኒክ ሄዳ ጆሮዋን አዩላትና "ንጹሕ ነው፣ ምንም የለሽም" ብለው ሸኟት። ያ "ምንም የለሽም" የሚለው ነገር ከድምፁ የበለጠ ጎዳት። ያበደች እንዳይመስላቸው ብላ ከዚያ ወዲያ ለማንም መናገር ተወች። ቀስ በቀስ ሌላውንም ወሬ ተወች።

ዝምታዋ የከበደው ዐብዲኑርን ነው። አንድ ቀን ምሳ ተበልቶ ልጆቹ ከወጡ በኋላ አጠገቧ ፍራሹ ላይ ተቀመጠ።

"አሁንም አለ?"

"አለ።"

"በየትኛው ነው?"

ቀኟን አሳየችው። ኮፍያውን አውልቆ ጆሮውን ከጆሮዋ አጋጠመ። ትንፋሹን ውጦ ብዙ ቆየ። እሷ ይስቅብኛል ብላ ዓይኗን ጨፍናለች።

"እኔ አልሰማሁም" አለ በመጨረሻ። "አንቺ ከሰማሽ ግን አለ። ነገ መኪናዋን ሌላ ሰው ይንዳት፤ ሆስፒታል እንሄዳለን።"

ሆስፒታል የተቀበለቻቸው ዶክተር ዒፍራህ ገና ወጣት ናት። ሶማሌ አክስቱን እንደሚጠራ ኬሪያን "ኤዶ" እያለች ነው ያነጋገረቻት።

"ኤዶ፣ ድምፁ ዝም ብሎ ይጮኻል ወይስ ከልብሽ ጋር ነው የሚሄደው?"

ኬሪያ ቀና አለች። እንዲህ ብሎ የጠየቃት ሰው አልነበረም።

"ከልቤ ጋር።"

ራሷን ያማት እንደሆነ፣ ዓይኗ ይጋረድ እንደሆነ ጠየቀቻት፤ የደም ግፊቷን ለካች። የዓይኗን ቆብ ወደ ታች ገለጥ አድርጋ አየችና "ነጭ ነው" አለች ለራሷ። ከዚያ ሻሿን አላልታ የልብ ማዳመጫውን መጀመሪያ ከጆሮዋ ኋላ፣ ቀጥሎ አንገቷ ላይ አሳረፈች። በሌላኛው እጇ የኬሪያን አንገት በቀስታ ጫን አደረገች።

"አሁንስ?"

"ቆመ!" አለች ኬሪያ ደንግጣ።

ዶክተሯ እጇን አነሣች። "አሁንስ?"

"መጣ።"

"እኔም ሰምቼዋለሁ፣ ኤዶ።"

ኬሪያ ፊቷን በሻሿ ጫፍ ሸፍና ተንሰቀሰቀች። ዐብዲኑር ክፉ ነገር የተነገራት መስሎት ብድግ አለ። ዶክተሯ ማዳመጫውን እሱ ጆሮ ላይ አደረገችለት። አንገቱን ደፍቶ ሰማ።

"እንደ ንፋስ ነው" አለ። ወደ ኬሪያ ዞረ። "ይሄን ሁሉ ጊዜ ብቻሽን ነው የሰማሽው?"

ቀጥሎ ዶክተሯ ስለ ወር አበባዋ ስትጠይቅ ዐብዲኑር ሳይነግሩት ወጣ። ኬሪያ የደበቀችውን እንደምንም ተናገረች፤ ከመጨረሻ ልጇ ወዲህ ብዙ ይፈሳታል፣ ቶሎም አይቆምም። የሴት ነገር ነው ብላ ወሎ ላለችው እናቷ እንኳ አልነገረችም። ደሟ ሲመረመር በጣም አንሶ ተገኘ።

"ደም ሲያንስ ይቀጥናል" አለቻት ዒፍራህ፤ "ልብሽ ለሰውነትሽ ለማድረስ በኃይል ይገፋዋል። ውሃ በቧንቧ ውስጥ ሲሮጥ ይሰማ የለ? ያንቺም በጆሮሽ ሥር ሲያልፍ ነው የምትሰሚው። ጂንም አይደለም፣ እብደትም አይደለም። ግን የልብን ምት የሚከተል ድምፅ ዝም አይባልም፤ ምክንያቱ ይፈለጋል።"

ለመፍሰሱ መድኃኒት፣ ለደሟ የአይረን ኪኒን ታዘዘላት። ጉበትና ምስር እንድትበላ፣ ሻይ አይረኑን ስለሚያግደው ከምግብና ከኪኒኑ ጋር እንዳትጠጣ ተነገራት። ከሁሉ የከበዳት ይሄ ነው። ጅጅጋ ላይ ምሳ በልቶ ወተት የገባበት ሻይ አለመጠጣት እንደ ጾም ነው። ዐብዲኑር የራሱንም የሻይ ፔርሙስ ዘጋ። የመናኸሪያ ጓደኞቹ "ሚስትህ ታመመች፣ አንተ ምን ሆንክ?" ብለው ሲያላግጡበት "እሷ እያየችኝ አይወርድልኝም" ብሎ አለፈ።

ድምፁ በአንድ ጊዜ አልጠፋም። መጀመሪያ ያዞራት የነበረው ለቀቃት፣ ቀጥሎ ከንፈሯ ቀለም ያዘ። ድምፁም ራቀ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ራቀ። ዐብዲኑር ከአውበሬ በገባ ቁጥር "ዛሬስ?" ይላል፤ እሷ "ትንሽ" ትለዋለች። አንድ ቀን "ዛሬስ?" ሲላት የሱን ጥያቄ ትታ፣ ስለ አንዲት ደንበኛዋ የሰርግ ልብስ ጀምራ እስኪመሽ አወራችው። እሱ ሳያቋርጣት አዳመጠ።

ባለፈው ዓመት ደሃቦ የምትባል የግመል ወተት ነጋዴ ልትለካ መጥታ፣ ሜትሩ ወገቧ ላይ እያለ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "ጆሮዬ ውስጥ ልቤ ይመታል፣ ለሰው አልተናገርኩም" አለቻት። ኬሪያ ሜትሩን ጠቀለለች፣ ሱቋን ዘግታ ባጃጅ አስቆመች፣ አብራት ሆስፒታል ሄደች። የደሃቦ ምክንያት ሌላ ሆኖ ተገኘ፤ ግፊቷ እጅግ ከፍ ብሎ ነበር። እስኪለኩላት፣ መድኃኒቱን እስኪሰጧት ድረስ ኬሪያ በሩ ላይ ያለው አግዳሚ ላይ ቦርሳዋን ይዛላት ጠበቀች።