ረግረግ ውስጥ የቀረችው የበረዶ መኪና

ሽማግሌውን ያወቅኋቸው በምሠራበት ጋራዥ ነው። ኖርዌይ፣ ብሪን በሚባል ሰፈር የከባድ መኪና መካኒክ ነኝ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በጆንያ የተጠቀለለ ብረት ታቅፈው ገቡና ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠው፣ "ይህን የሚበይድልኝ ሰው እፈልጋለሁ" አሉ። ጆንያውን ስገልጠው እንደ ታንክ ያለ ሰንሰለት የሚያሽከረክር ባለ ጥርስ ጎማ ነው። ሁለት ጥርሱ ወልቋል። እንዲህ ያለ ነገር በእጄ ከነካሁ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖኝ ነበር።

"የምን እንደሆነ ታውቃለህ?" አሉኝ።

"አውቃለሁ። አገሬ ብሔራዊ ውትድርና ላይ ሳለሁ ጥገና ክፍል ነበርኩ። ጭቃ የዋጠውን መኪና በጎታች እየሳብን ማውጣት ነበር ሥራችን።"

ዓይናቸው በራ። ከዚያ በላይ አልጠየቁኝም፤ እኔም አልነገርኳቸው።

በኖርዌይኛ አንቱታ የለም፤ ሕፃኑም ሚኒስትሩም አንተ ነው። እኔ ግን የሰባ አራት ዓመት ሰው "አንተ" ባልኩ ቁጥር ምላሴን ያዝ ያደርገኝ ነበር። እዚህ እሳቸው እያልኩ የምጽፈው ለዚያ ነው።

ከከተማው ወጣ ብሎ የእርሻ ቦታ ነበራቸው። በፊት ላም ይታሰርበት በነበረው ጋጣ ውስጥ ከሠራዊቱ የተሰናበቱ መኪኖች ሰብስበዋል። ሁለቱ ቤልተቮግን ናቸው፤ በጎማ ፈንታ በሰፊ የላስቲክ ሰንሰለት በረዶ ላይ የሚሄዱ፣ ፊትና ኋላቸው በመገጣጠሚያ የተያያዘ። ሦስተኛው የተቀበረ የሚያወጣ ጎታች ነው፤ ጀርባው ላይ ዊንች፣ ማለትም የብረት ገመድ እየጠቀለለ የሚስብ ማሽን አለው። ጎማውን በይጄ ከወሰድኩላቸው በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ መመላለስ ጀመርኩ።

የእኔ ድርሻ መለየት ሆነ። እነዚህ መኪኖች ከሠራዊቱ የሚወጡት አንዱ የሌላውን ሞተር፣ አንዱ የሌላውን በር ለብሶ ነው። በሩ ላይ ያለችውን የስም ቆርቆሮ የያዟት ሁለት ቡሎኖች ብቻ ናቸው፤ ማንም ፈትቶ ሊለውጣት ይችላል። በሻንሲው፣ በመኪናው ዋና የብረት አጽም ላይ የተቀረጸው ቁጥር ግን አይዋሽም። ከሥር ተንጋልዬ ገብቼ የዘይቱን ቆሻሻ በናፍጣና በሽቦ ብሩሽ እፈገፍጋለሁ። ዝገቱ ከበላው ወረቀት ለጥፌ በእርሳስ አሻለሁ፤ አሃዞቹ እንደ ጥላ አንድ በአንድ ይወጣሉ። እኔ ከሥር ስጠራ ሽማግሌው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ከድሮ መመሪያ መጽሐፍ ጋር ያመሳክራሉ። ቀለሙም ይናገራል። ነጩ ሲፋቅ አረንጓዴ፣ አረንጓዴው ሲፋቅ ሌላ ነጭ።

ሚስቴ ነገሩን አልወደደችውም። የወሎ ልጅ ናት፤ ቬስትሊ ሰፈራችን ያለ ባርነሃገ፣ መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ትሠራለች። "የሰው አገር ሰው ሆነህ የወታደር መኪና ሥር ምን ትፈልጋለህ? ነገ ፖሊስ ቢጠይቅህ ምን ልትል ነው?" ትለኛለች።

"ድሮ የማውቀው ሥራ ነው፤ ደስ ይለኛል" እላታለሁ።

ደስታ ብቻ አልነበረም። ሽማግሌው ዊንቹን ሲሞክሩ ሰበብ ፈልጌ ከጋጣው እወጣ ነበር። እየፈራሁት ለምን እንደምመለስ ለራሴም ግልጽ አልነበረም።

መጋቢት ላይ ደወሉልኝ። ድምፃቸው እንደ ልጅ ይንቀጠቀጣል። "አገኘኋት! መጀመሪያ ከተሠሩት ናት። ከእነሱ መሃል የቀረች ካለች አንድ ወይ ሁለት ናት!" አንድ የጫካ ባለቤት "ከጎጆዬ ጀርባ ረግረግ ዳር ለዓመታት የተተወች ቤልተቮግን አለችኝ፣ ካወጣችኋት ውሰዷት" ብሏቸዋል። በላኩልኝ ፎቶ ላይ የፊት መብራቶቿ አቀማመጥ እውነትም ለየት ያለ ነው። ግን ጫካ ውስጥ በሞተር ለመግባት የኮሙኑ፣ የአካባቢው አስተዳደር ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የተሰጣቸው ፈቃድ ደግሞ እስከዚያው ቅዳሜ ነው። ትንበያው ሙቀትና ዝናብ ይላል። ረግረጉ አንዴ ከቀለጠ የሚመጣው የበረዶ ወቅት ድረስ አይቻልም።

"ይቆይ፣ ለከርሞ እናውጣት" አልኳቸው።

"ለከርሞ መኖሬን በምን አወቅህ?" አሉኝ። "እሺ፣ ቅዳሜ ማለዳ እመጣለሁ" አልኳቸው።

ረመዳን ነበር። ሱሑር በልቼ በማለዳ ወጣሁ። ጎታቹን በጭነት መኪና እስከ ጫካው መንገድ መጨረሻ ወሰድነውና ከዚያ በሰንሰለቱ እየነዳነው ገባን። ከዛፎቹ በረዶ እየሟሸሸ ትከሻችን ላይ ይወድቃል። መኪናዋ ከረግረጉ ዳር ገባ ብላ እስከ ሆዷ ተቀብራለች። ዙሪያዋ ያለው በረዶ ግራጫ ሆኗል። ግራጫ በረዶ የሳሳ በረዶ ነው፤ አልወደውም።

ጎታቹን ደረቁ መሬት ላይ አቆምኩና የብረት ገመዱን በጓንቴ እየዳበስኩ መረመርኩት። አንድ ቦታ ላይ እንደ እሾህ ያዘኝ። ሦስት አራት ክሮች ተበጥሰዋል።

"ገመዱ ታሟል" አልኳቸው።

"ከዚህ የከበደ ስቧል" አሉ። የመኪናዋ ማርሽ እየተመለሰ ስለሚገባ አንድ ሰው ከውስጥ የማርሹን ዘንግ መያዝ አለበት። እኔ ልግባ አልኩ። "ዊንቹን የምታውቀው አንተ ነህ" ብለው በረዶው ላይ በዘረጋነው ጣውላ ሄደው መኪናዋ ውስጥ ገቡ። በሩን ዘጉ። ገመዱን አያይዤ ወደ ጎታቹ ተመልሼ ሳልደርስ በረዶው ጧ ብሎ ተሰነጠቀ።

የመኪናዋ አፍንጫ ሰመጠ። ጥቁር ውሃ በሩን ከበበው። ሽማግሌው በሩን በትከሻቸው ሲገፉ አያለሁ፤ የበረዶው ጠርዝ ከውጭ ጨፍልቆ ይዞታል። ጣሪያው ላይ መውጫ አለ፤ ነገር ግን ዳሌያቸው በቀዶ ጥገና የተተካ ነው፣ እግራቸውን ወደ ላይ ማንሳት አይችሉም።

"ሳብ!" ብለው ጮኹ። "ሳብ እንጂ!"

ድንገተኛ ሕክምና፣ 113 ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ሴት ሰዎች እየመጡ ነው፣ ስልኩን አትዝጋ አለችኝ። እንደተከፈተ ኪሴ ከተትኩትና የዊንቹን መቆጣጠሪያ ያዝኩ።

ያኔም የያዝኩት እንዲህ ያለውን የዊንች መቆጣጠሪያ ነበር። አብሮኝ የተመለመለ፣ አንድ ብርድ ልብስ የምንጋራ ልጅ ነበር። ጭቃ የያዘው የጭነት መኪና ነው፤ አስር አለቃው ሳብ አለኝ፣ ሳብኩ። ገመዱ ተበጠሰና እንደ ጅራፍ ተመለሰ። ልጁ ልክ በመንገዱ ላይ ቆሞ ነበር። አልተነሳም። ያዘዘኝ ሌላ ነው፤ የሳብኩት ግን እኔ ነኝ። ይህን ኖርዌይ ከገባሁ ለማንም ትንፍሽ ብዬ አላውቅም፣ ለሚስቴም ጭምር።

መቆጣጠሪያውን ለቀቅኩና ከጎታቹ ሳጥን ውስጥ ገመድ የሚያልፍበትን ትልቁን መዘውር አወጣሁ።

"ምን እያደረግህ ነው? ውሃው ጉልበቴ ደርሷል!"

"ገመዱን ላጥፈው ነው! ሸክሙ ለሁለት ከተካፈለ ይችላል!"

"ጊዜ የለም!"

"አለ!" አልኩ። መኖሩን አላወቅሁም ነበር።

ጣውላው ላይ በሆዴ ተኝቼ እየተሳብኩ ደረስኩ። ገመዱን ፈትቼ በመዘውሩ አሳለፍኩት፤ መዘውሩን ከመኪናዋ መጎተቻ ቀለበት ጋር ለማያያዝ እጄን እስከ ብብቴ ውሃ ውስጥ ከተትኩ። ጣቶቼ የእኔ አልመስል አሉኝ። ማያያዣው ፒን ሁለት ጊዜ አመለጠኝ። ሽማግሌው በመስታወቱ በኩል ቁልቁል ያዩኛል፤ መጮህ አቁመዋል። ሦስተኛው ላይ ገባ። የገመዱን ጫፍ ይዤ ተመለስኩና ጎታቹ ላይ አሰርኩት፤ ቢበጠስ እንዳይወረወር እርጥብ ሸራና ካፖርቴን ገመዱ ላይ ጣልኩበት።

ከዚያ ሳብኩ። በጣም በቀስታ። ገመዱ መዝፈን ጀመረ። ጠቅ፤ አንድ ክር ሄደ። አቆምኩ። ኪሴ ውስጥ ሴትየዋ የሆነ ነገር ትላለች፤ እኔ "ያ አላህ፣ ያ አላህ" እያልኩ ነው። እንደገና ሳብኩ። ጠቅ። ጭቃው እንደሚጠባ ሕፃን ድምፅ አሰማና መኪናዋ ተንቀሳቀሰች። አንድ ክንድ፣ ሁለት ክንድ፤ ከዚያ በሩ ከበረዶው ጠርዝ ተላቀቀ። ደረቁ መሬት ላይ እስክትወጣ መቆጣጠሪያውን አልለቀቅኩም።

በሩን ስከፍት ከወገባቸው በታች እርጥብ ነበሩ፤ ከንፈራቸው ሰማያዊ ሆኗል። ሱሪያቸውን አውልቄ የእኔን አለበስኳቸው። የነፍስ አድን ሰዎች በበረዶ ሞተር ሲደርሱ ጎታቹ ውስጥ፣ ሽማግሌውን አቅፌ፣ በሙታንታ ተቀምጬ አገኙኝ።

ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ሴት ልጃቸው መጣች። በተዋስኩት የሆስፒታል ሱሪ ቆሜ አየችኝ።

"እዚያ ያስገባኸው አንተ ነህ?"

"ራሳቸው ናቸው የገቡት። ግን ማስቆም ነበረብኝ።"

ትጮኽብኛለች ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን አጠገቤ ወንበር ላይ ዘፍ ብላ ፊቷን በመዳፏ ሸፈነች። "እሱን ማን አስቁሞት ያውቃል!" አለች። ሐኪሙ ወጥቶ የሰውነታቸው ሙቀት እየተመለሰ ነው አለን።

ቤት ስደርስ አፍጥር አልፎ ሾርባው ቀዝቅዟል። ሚስቴ ግሮንላንድ ከሚባለው ሰፈር የገዛችውን ቴምር እጄ ላይ አኑራ፣ "ያንተ ያልሆነ ሱሪ ለብሰህ መጣህ" አለችኝ። ላስቃት ነበር ሐሳቤ፤ አልቻልኩም። ስለ ረግረጉ ጀመርኩና ስለዚያ ልጅ ጨረስኩ።

"ይሄን ሁሉ ዓመት ብቻህን ይዘኸው ኖርክ?"

"ብነግርሽ ሌላ ሰው እመስልሻለሁ ብዬ ፈራሁ።"

"ኔይ" አለች፣ አትመስለኝም ለማለት፤ ሲከፋት ኖርዌይኛው ይቀድማታል። "ስሙ ማን ነበር?"

ስሙን ነገርኳት። እዚህ አልጽፈውም። እጇን ዘርግታ በስሙ ዱዓ አደረገችለት፤ እኔም "አሚን" አልኩ።

ሽማግሌው ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ መኪናዋን አጠብናት። ተንጋልዬ ገባሁ፤ ጭቃውን ፈገፈግሁ፤ ወረቀት ለጥፌ አሸሁ። አሃዞቹን ስጠራ መጽሐፉን ገለጡ፤ እንደገና እንድጠራ አዘዙኝ፤ ከዚያ መጽሐፉን ዘጉት።

"ምንድን ናት?" አልኳቸው።

"ከመጀመሪያዎቹ አይደለችም። መብራቶቹን ሰው ቀይሯቸው ነው። ጋጣ ውስጥ ካሉት ከሁለቱ ጋር አንድ ናት።" ሳቁ። ሳል እስኪያፍናቸው ሳቁ። እኔ ግን ከሥሯ እንደተንጋለልኩ ቀረሁ። ልንሞት የደረስነው ለዚህች ነበር እንግዲህ።

ልጃቸው የጎታቹን ቁልፍ ወስዳ እቤቷ አስቀምጣለች። እሳቸው ግን አሁንም የጫካ ባለቤቶች ጋ ይደውላሉ፣ ፎቶ ይለዋወጣሉ። በረዶ ላይ ዝናብ በጣለ ቁጥር ሥራዬን ትቼ ስልክ አነሳለሁ።

"የት ነዎት?" ማለት እፈልጋለሁ፤ ቋንቋው ስለማይፈቅድልኝ "የት ነህ?" እላለሁ።

"ቤት ነኛ፣ የት እሆናለሁ?" ይሉኛል።

ቶሎ አልዘጋም። ስለ አየሩ፣ ስለ ዳሌያቸው እጠይቃለሁ። እሳቸው ሲመልሱ እኔ ከድምፃቸው ጀርባ ሞተር ይሰማ እንደሆነ ጆሮዬን አቆማለሁ።