ሁለቱ ባዶ ጀሪካኖች

እኔ ብዙ ማውራት አልወድም፤ ፊደልም አልቆጠርኩም። ያን ቀን ግን ሳንሱሲ፣ ከሰፈራችን ቧንቧ አጠገብ፣ አፌን አስከፈቱኝ።

ድሮ ለአንድ ቤት በሳምንት ስምንት ጀሪካን ውሃ ይደርስ ነበር። ውሃ ሲጠፋ የውሃ ኮሚቴው በግማሽ ቀንሶ አራት አደረገው። ባለቤቴ የአልጋ ቁራኛ ናት፤ በአራት ጀሪካን አንሶላዋን ልጠብ ወይስ እሷን? በኋላ ውሃው ሲመለስ «እንደ ድሮው ሆኗል» ተባለና ስምንቱንም ጀሪካን ይዤ ሄድኩ። ስድስቱን ሞልተው «ቀጣይ!» አሉ።

«ሁለቱስ?» አልኩ።

«አባባ፣ ሃምሳ ፐርሰንት ቀነስን፣ ሃምሳ ፐርሰንት ጨመርን። እኩል ነው» አለኝ የኮሚቴው ሰብሳቢ።

«ፐርሰንቱን አንተ እወቀው። እነዚህ ግን ባዶ ናቸው» ብዬ አንዱን ቧንቧው ሥር ደቅኜ ሌላው ላይ ተቀመጥኩ።

«ይነሱ እንጂ! ሰው ቆሟል።»

«አልነሳም።»

«ፖሊስ ልጥራ?»

«ጥራ። ጀሪካኑን ይዞ ይምጣ።»

ወረፋ የያዘው ሁሉ ሳቀ። ከኋላዬ ፊቷን በጃንጥላ የከለለች ሴት «እሳቸው ልክ ናቸው» አለች። «የቀነስከው የስምንቱን ግማሽ ነው፤ አራት። የጨመርከው ግን የአራቱን ግማሽ ነው፤ ሁለት። እንደ ድሮው እንዲሆን መቶ ፐርሰንት ነበር መጨመር ያለብህ።»

«አንቺን ማን ጠየቀሽ?» ብሎ ሲጮህባት ጃንጥላዋን አጠፈች።

ሰብሳቢው ክው አለ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ቤት እንነጋገራለን» አላት።

«የሳቸው ሁለቱ ሳይሞላ የምን ቤት?» አለች ሚስቱ፣ የራሷን ጀሪካን አጠገቤ አጋድማ እየተቀመጠችበት።