ደረቱን ከፍቶ የቆመው ዘፋኝ

ደባርቅ ውስጥ ከእኔ ሌላ ፓወር ሜታል የሚሰማ ሰው አላውቅም። ጊታሩ እንደ ፈረስ የሚጋልብበት፣ ዘፋኙ በቀጭን ድምፅ ስለ ሰይፍና ስለ ተራራ የሚጮህበት ሙዚቃ ነው። አዲስ አልበም በወጣ ቁጥር ኔትወርክ ጠብቄ አወርድና አስተያየቴን ገጼ ላይ እጽፋለሁ።

ሰሞኑን የወጣው ግን አናደደኝ። ሽፋኑ ላይ ዘፋኙ በረዶ በሸፈነው ገደል አፋፍ ደረቱን ከፍቶ ቆሟል። ውርጭ የሚያውቅ ሰው እንዲህ አይቆምም፤ ጋቢውን ተከናንቦ ቶሎ ያልፋል። እኔ ጠዋት ጠዋት ጣቶቼን በትንፋሼ ሳላሞቅ ጊታር መንካት አልችልም። ሰውየው አልበሙን ሙሉ ስለ ብርድ ሲዘፍን አንዴ እንኳ ጥርሱ አይንገጫገጭም። «ተራራን በሥዕል ብቻ ያየ ሰው ሥራ» ብዬ ጻፍሁና ከአሥር ሦስት ሰጠሁት።

ቅዳሜ ዳባት ወርጄ ለጓደኛዬ አሰማሁት። የእኛ ባንድ ሁለት ሰው ነው፤ እኔ ጊታር፣ እሱ ድራም። የጻፍሁትንም አነበብሁለት። እስከ መጨረሻው አዳመጠኝና፣ «እውነትህን ነው። የእኛ መርከብስ?» አለኝ።

የራሳችን የምንለው ዘፈን አንድ ብቻ ነው፤ በማዕበል ስለ ሰጠመ መርከብ። ግጥሙን የጻፍሁት እኔ ነኝ። ሁለታችንም ጎርጎራ ወርደን ጣናን ከማየት በቀር ባሕር የሚባል አይተን አናውቅም።

«እሱ ሌላ ነው» አልሁት።

ወደ ደባርቅ ስመለስ፣ ሚኒባሱ ውስጥ ስልኬን አውጥቼ ሦስቷን አጠፋሁና ስድስት አደረግኋት።