ፈህሚያና የእማማ እንኳየሁ አንገት

ፈህሚያ አሊን ያወቅኋት በቀዶ ጥገና ክፍል አብረን ስንሠራ ነው፤ እርሷ የማደንዘዣ ባለሙያ፣ እኔ ነርስ። አባቷ ጎንደር ገበያ ውስጥ ጨርቅ ሲሸጡ የኖሩ ሰው ነበሩ። እርሷም በጣቃ መካከል ስላደገች የነካችውን ሁሉ በጣቶቿ የመፈተን ልማድ ነበራት። የእኛን ጋዋን ሳይቀር ዳበስ አድርጋ፣ «ይኼ ለከርሞ አይደርስም» ትለን ነበር።

በ2009 ዓ.ም. መስቀል ሲያልፍ፣ እማማ እንኳየሁ የተባሉ የነጭ ሽንኩርት ነጋዴ ከትክል ድንጋይ ከተማ ወደ ሆስፒታላችን መጡ። እንቅርታቸው አድጎ ትንፋሽ እየከለከላቸው ግድግዳ ተደግፈው ነበር የሚያድሩት። ቀዶ ሐኪሙ ዶክተር ይበልጣል እንቅርቱን ሊያወጣ ፈቃደኛ ነበር፤ ችግሩ ከዚያ በፊት ያለው ነበር። በማደንዘዣ የተኛ ሰው በአፉ በገባ ቱቦ ይተነፍሳል። ቱቦው አልገባ ቢል ግን በአንገት በኩል ተበስቶ አየር የሚሰጥበት ቦታ አስቀድሞ መታወቅ አለበት። የእማማን የአየር ቧንቧ እንቅርቱ ገፍቶት፣ የፈህሚያ ጣቶች እንኳ ፈልገው አጡት።

«ካልተገኘ አዲስ አበባ እንላካቸው» አለ ዶክተሩ።

«አልሄድም። ከዚህ የምሄደው ወደ ቤቴ ነው» አሉ እማማ።

ፈህሚያ ከኪሷ ትንሿን አልትራሳውንድ አወጣች። አንድ እንግዳ መምህር ትቶልን የሄደ፣ እንደ ጢም መላጫ በመዳፍ የሚያዝ፣ ከስልክ ጋር በገመድ የሚገናኝ መሣሪያ ነው። የእማማን አንገት ቅባት ቀብታ ቀስ እያለች አንሸራተተችው። የድምፁ ሞገድ ሄዶ ሲመለስ ስልኩ ላይ ግራጫ ጥላ ይሥላል። ከመሐል ወደ ግራ ሸሽቶ፣ ጠርዙ የሚያበራ ቅስት ታየ።

«ቧንቧውን አገኘሁት» አለችና ቦታውን ልታመለክት እስክሪብቶ አነሣች።

እማማ እጇን ያዟት። «ምነው ልጄ፣ ቀለም ልትቀቢኝ ነው? እኛ ገበያ ቀለም የሚቀባው ለእርድ የተገዛ በግ ነው።»

«በግ ቢሆኑማ እማማ፣ እኔ ያረድኩትን ከሰፈርዎ ማን ይበላልኛል? ኪሳራ ነው።»

እማማ እስኪያስላቸው ሣቁ፤ እጇን ግን አልለቀቁም።

ፈህሚያ እስክሪብቶውን አስቀምጣ አንገታቸውን ዳግም አየች። ልጅ ሳሉ አክስታቸው፣ ለእንቅርት መድኃኒት ነው ብለው የነቀሷቸው መስመሮች ዙሪያውን ይዞራሉ፤ እብጠቱ ለጥጦ አራርቋቸዋል። በግራ በኩል፣ በሁለት መስመሮች መካከል አንዲት የመስቀል ንቅሳት አለች። መሣሪያውን እዚያ አሳረፈችው። ቅስቱ ከሥሯ ነበር።

«አክስትዎ ቀድመውናል፤ ምልክቱን አድርገውልናል» አለች። ዶክተሩንም እኔንም ጠርታ መስቀሏን አሳየችን።

በማግሥቱ ዶክተሩ ምናልባት መብሳት ቢያስፈልግ ብሎ ዓይኑን ከዚያች መስቀል ሳይነቅል ቆመ፤ ፈህሚያ ቱቦውን በአፋቸው አስገባች። እንደፈራነው ሳይሆን በቀላሉ ገባ።

ሥራው አልቆ ቱቦው ሲወጣ፣ እጇን አፋቸው አጠገብ ዘርግታ ትንፋሻቸውን ጠበቀች። እማማ ዓይናቸውን ገለጥ አደረጉ።

«ምነው፣ እስካሁን አልጀመራችሁም እንዴ?» ድምፃቸው ሻከር ብሏል።

«ጨርሰናል እማማ።»

«ሸጋ» አሉና ተመልሰው ተኙ፤ ያለ አንዳች ማንኮራፋት።

ማታ ወደ ማራኪ የሚሄደው ሚኒባስ እንዳያመልጠን ብጠራት፣ ፈህሚያ «አንቺ ሂጂ» አለችኝ። ወንበር ስባ እማማ አልጋ አጠገብ ተቀመጠች።