መጀመሪያ የዳነችው ጣት

ሰም ባሞቅኩ ቁጥር ሽታው ወደ መቱ፣ ወደ ጣሊያን ዘመን ይመልሰኛል። ሕክምና ሳልማር የስንቱን ልጅና አዋቂ የደረቀ እጅ ለሥራ ያበቃሁ ሰው ነኝ፤ ሙያውን ያየሁት ግን በአባቴ እጅ ላይ ነው።

ጠመንጃህን አውጣ ሲባል እምቢ ስላለ አንድ ባንዳ ቀኝ እጁን በሰደፍ ቀጠቀጠው። አጥንቱ ቢገጥምም ጣቶቹ አልታጠፍ አሉ። አክስቴ እትዬ ዘነቡ በየጠዋቱ እጁን ለብ ያለ ሰም ውስጥ ትነክርና ሌባ ጣቱን ብቻ እያጠፈች ትዘረጋለች። እሱን ላብ ያጠምቀዋል።

«ሌሎቹስ?» አልኳት።

«ይቆዩ። ይቺ ሥራ አለባት።»

«የምን ሥራ?»

«ቡና ለቀማ» ብላ ሳቀች። አባቴም ሳቀ፤ ከተመታ ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው።

ቡናው ሳይቀላ አባቴ ጠመንጃውን ይዞ ያዮ ጫካ ገባ። ሰንብቶ የዚያ ባንዳ ሬሳ በቃሬዛ ከተማ ሲገባ አክስቴ ደጃፍ ላይ ቆማ አየችው።

«እንግዲህ ወንድሜ ይምጣ» አለች፤ «ሌሎቹንም እናፍታታለን።»

ቃታ የምትስበዋን ጣት እንዳስቀደመች ያን ጊዜ ገባኝ። ቂም ያለው በሽተኛ ቶሎ እንደሚድን ግን የደረስኩበት ራሴ ነኝ።

ዛሬ ፊቴ የተቀመጠው ልጅ ተገፍትሮ ወድቆ የተሰበረው ክንዱ ቢገጥምም ጣቶቹ ደርቀውበታል። አመመኝ እያለ ያለቅሳል።

«ማን ገፋህ?»

«ከበደ ነው፣ ጋሼ።»

«እጅህ ሲድንስ?»

እንባውን ጠረገ። «አቀምሰዋለሁ!»

ሞቃቱን ሰም መዳፉ ላይ አኖርኩለት።

«ጎሽ! በል፣ ጨብጥ።»