በፍልሰታ የተሸተተ ወይን

ይህ ታሪክ መጻፍ ይገባው እንደሆነ እስካሁን እርግጠኛ አይደለሁም፤ ማንም አልሞተበትም፣ ማንም አልከበረበትም፣ ቤተሰባችን እርስ በርሱ ከመማረር በቀር። ሆኖም ዘንድሮ ኮሌጅ ገብቼ፣ ዳውንታውን ዴንቨር ባለው ምድር ቤት ፓርኪንግ ባለፍኩ ቁጥር የእርጥብ ሲሚንቶ ሽታ ሲመጣብኝ፣ የፈረንሳይ የወይን ጠጅ ጓዳዎች ከነንዴቴ ትዝ ይሉኛል።

ያኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። አባዬ በአንድ ሆቴል ደጃፍ የእንግዶችን መኪና ፓርክ ያደርግ ነበር። በረዶ በሚጥልበት ወቅት ጣቶቹ ደንዝዘው ኦሮራ ወዳለው አፓርታማችን ይመጣና፣ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ እጁን ማሞቂያው ላይ ዘርግቶ ይቀመጥ ነበር። በዚያው ክረምት የምግብ ቤቱ ኃላፊ፣ ስለ አዳዲሶቹ የፈረንሳይ ወይኖች ለእንግዳ ማስረዳት ከቻለ በመስከረም ፈትኖ ወደ ውስጥ እንደሚያስገባው ነገረው። ከቢራ በቀር ቀምሶ የማያውቀው አባዬ ከዚያ ወዲህ ሌላ ወሬ አልነበረውም። በረዶው ሲቀልጥ፣ እዚያው ፈረንሳይ በወይን እርሻ መካከል የምትኖረው እህቱ፣ አክስቴ አልማዝ፣ «ናና በቦታው ቅመስ» አለችው፤ እሱም ለአራታችን ቲኬት ቆረጠ።

የቆረጠው ግን የፈረንጁን ካሌንደር ብቻ አይቶ ነበር። እማዬ የቤተ ክርስቲያኑን ካሌንደር ከግድግዳ አውርዳ ፊቱ ዘረጋችለት፤ የምንሄደው ፍልሰታ በገባ ማግስት ነበር። ቲኬቱ አይመለስም፣ አባዬ ደግሞ በፍልሰታ መጠጥ ወደ አፉ አስጠግቶ አያውቅም። እኔም ትምህርት ቤት በዚያው ሰሞን ስለሚከፈት፣ አዲሷ አስተማሪዬ ሰነፍ ትለኛለች ብዬ አልቅሼ ነበር።

«ወይ ጾሙን ምረጥ ወይ ወይኑን» አለችው እማዬ።

«ማሽተት ጾም አይገድፍም» አላት።

በፈረንሳይ የነሐሴ ሙቀት ታዲያ ውሏችን አንድ ዓይነት ነበር። አክስቴ ከመንደር መንደር ትነዳለች፣ አባዬ ቀዝቃዛው ጓዳ ውስጥ ገብቶ ብርጭቆውን ይቀበላል፣ አዙሮ፣ አፍንጫውን ነክሮ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይቆይና ሳይቀምስ ይመልሰዋል። ባለቤቶቹ መጀመሪያ ፈገግ ይሉ፣ ቆይተው ፊታቸው ይጠቁር ነበር። አክስቴ አንዱ ጋ ሐኪም ከልክሎታል፣ ሌላው ጋ ጉሮሮውን አሞታል እያለች ሰበብ አለቀባት። ሌሎች ጎብኚዎች ቀምሰው ሲተፉ ያየችው እማዬ እንዲያ ቢያደርግስ ብትለው፣ አፍ የገባ ገባ ነው ብሎ ዘጋት። ፍልሰታን ልጅም ይጾመዋልና፣ እኔና ታናሽ ወንድሜ መኪናው ውስጥ በላብ ተዘፍቀን ዘጠኝ ሰዓትን እንጠብቅ ነበር። አባዬ ሲመለስ፣ ይሄኛው ዝናብ የነካው አፈር፣ ያኛው የጌሾ እንጨት ይሸታል እያለ ይተርክልን ነበር።

«ዳድ፣ ፕሊስ፣ በቃ ጠጣው» አለው ወንድሜ አንድ ቀን።

«ዝም በል፣ አባትህ እንጀራውን በአፍንጫው እየፈለገ ነው» አለችው እማዬ።

ጾሙ የተፈታ ጠዋት አክስቴ ዶሮ ሠርታ፣ ካየናቸው ጓዳዎች የገዛቻቸውን ጠርሙሶች ደረደረች። አባዬ ተጎነጨ፣ አፉ ውስጥ ያዘው፣ ዋጠው፤ ፊቱ ተጨማደደ። ሁለተኛውን ሞከረና ውሃ ጠየቀ።

«ይሄ ኮምጣጤ ነው እንዴ፣ አልማዝ?»

«ለዚህ ነው በፀሐይ ስትጠብሰን የከረምከው?» አለችው እማዬና የዶሮውን ድስት ወደ ራሷ ሳበች።

መስከረም ላይ ኃላፊው ብርጭቆ ደርድሮ ጠራው። አባዬ እያሸተተ ያንኑ የመኪና ውስጥ ትረካውን ደገመለት፤ ዝናብ የነካው አፈር ሲለው ኃላፊው ራሱ ብርጭቆውን አንስቶ አሸተተ። በረዶ ሳይጥል አባዬ ወደ ውስጥ ገባ።

አሁን ከክፍል ስወጣ አንዳንዴ በሆቴሉ መስኮት አየዋለሁ፤ ጥቁር ሰደርያውን ለብሶ፣ ለእንግዳ ከመቅዳቱ በፊት ጠርሙሱን ወደ አፍንጫው ያስጠጋል። ያኔ ግትር ይመስለኝ ነበር። ዛሬም ግትር ይመስለኛል፣ ጣቶቹ ግን በክረምት አይደነዝዙም። እርስዎስ የትኛውን ይወዳሉ ብለው እንግዶች ሲጠይቁት ጥሩ ሽታ ያለውን ይላቸዋል። ወይን ለመጀመሪያ ጊዜ የቀመሰው፣ ለመጨረሻ ጊዜም የቀመሰው፣ ነሐሴ 16 ቀን ነው።